አንድ ዐይና የተባለው ባለ ዘጠኝ ዐይን፦ ሊሙለስ ፖሊፌመስ ስሙን ከየት አመጣው?

ሊሙለስ ፖሊፌመስ የአንድ ባለ ጋሻ የባሕር እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ነው። ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዐይን ነው። የመጀመሪያው ቃል የጎን አስተያየትን ያመለክታል። ሁለተኛው ግንባሩ ላይ አንድ ዐይን ብቻ የነበረውን የግሪኮች ግዙፍ ይጠራል። ስሙን የተሸከመው እንስሳ ግን ዘጠኝ ዐይን አለው፤ ጭራው ላይ ያሉት ብርሃን የሚለዩ ሕዋሳት እንደ አንድ ዐይን ከተቆጠሩ ደግሞ ዐሥር ይሞላል። ስሙ ከባለቤቱ ጋር አይገጥምም፤ ግን አይቀየርም። እንዴት እንደተሰጠና ለምን እንደማይቀየር ማወቅ እንስሳውን ራሱን ለማወቅ ጥሩ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ስለ ተራው ስሙ። በእንግሊዝኛ የፈረስ ጫማ ሸርጣን ይሉታል። እዚህ «የፈረስ ኮቴ ሸርጣን» እለዋለሁ። ከጫማ ይልቅ ኮቴን የመረጥሁት የድሮው የእንግሊዝኛ ስሙ ራሱ የፈረስ እግር የሚል ስለነበረ ነው፤ ከላይ ሲያዩትም የፊት ጋሻው ከብረቱ ይልቅ ኮቴውን ይመስላል። ሰውነቱ በሦስት የተከፈለ ነው፦ ራስና ደረትን አንድ ላይ የሸፈነ ሰፊ ጋሻ፣ ከሱ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ የኋላ ክፍል፣ ከዚያ ረጅም ሹል ጭራ። ሴቷ ከነጭራዋ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ወንዱ ከሷ በሩብ ያህል ያንሳል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች አራት ብቻ ናቸው። የወገናቸው ቅሪት ግን 445 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ድንጋይ ውስጥ ተገኝቷል።

«ሸርጣን» የሚለውም ስሕተት ነው። ሸርጣን ሁለት ጥንድ አንቴናና እውነተኛ መንጋጋ አለው፤ ይህ እንስሳ አንዱም የለውም። ከአፉ ፊት ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥንድ አካላቱ ትንንሽ መቆንጠጫዎች ናቸው፤ እንዲህ ያሉት የሸረሪትና የጊንጥ ምልክቶች ናቸው። የብሪታኒያው የእንስሳት ሊቅ ሬይ ላንከስተር በ1881 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጊንጥንና የሊሙለስን አካል ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የእግሮቹን ቁጥርና የመተንፈሻውን ቅጠሎች እያነጻጸረ ይህ ፍጥረት የሸረሪት ዘመድ ነው ብሎ ተከራከረ። በዋናው ነገር ትክክል ነበር። ከሸረሪቶች ቤት ውስጥ ነው ወይስ ከደጁ የሚለው ክርክር በዘረ መል ጥናት ዛሬም ቀጥሏል፤ ሸርጣን ነው የሚል ግን የለም።

አሁን ወደ ሳይንሳዊው ስም። በ1580ዎቹ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት ዛሬ ሰሜን ካሮላይና በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከአልጎንኪን ተናጋሪ የአገሬው ተወላጆች ጋር ቆይቶ ቋንቋቸውን ተምሮ ነበር። በ1588 ባሳተመው ዘገባ ይህን እንስሳ እነሱ በሚጠሩበት ስም «ሲካናውክ» ብሎ መዝግቦታል፦ ወርዱ አንድ ጫማ ያህል፣ ቅርፊታም ጭራ ያለው፣ እንደ ሸርጣን ብዙ እግር ያለው፣ ዐይኖቹ ጀርባው ላይ የሆኑ። ዐይኖቹ ነው ያለው፤ ዐይኑ አላለም። የሳይንሳዊው ስም አውጪ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ አንድ ዐይና ከማለቱ ከ170 ዓመት በፊት ዐይኖቹ በብዙ ቁጥር ተጽፈው ነበር ማለት ነው።

ሊኒየስ በ1758 ስሙን ሲሰጠው ሞኖኩለስ ፖሊፌመስ አለው። ሞኖኩለስ «አንድ» ከሚለው የግሪክ ቃልና «ዐይን» ከሚለው የላቲን ቃል የተገጠመ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሊኒየስ ሞኖኩለስ የሚለውን ስም ለዚህ እንስሳ ብቻ አላወጣውም። በኩሬ ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱትን፣ ዐይናቸው ራሳቸው መሐል አንድ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየውን ደቃቅ ፍጥረታት ያሰባሰበበት ወገን፣ ማለትም ብዙ ዝርያዎችን በአንድ የመጀመሪያ ስም የሚይዝ ምድብ ነው። እነሱ በእርግጥ አንድ ዐይን አላቸው። ትልቁ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ቅርፊት ለባሽ ስለሆነ ከነሱ ጋር ተደመረ። እንግዲህ ሚሊ ሜትር በማይሞሉና ትንሽ በሚበልጡ አንድ ዐይናዎች መሐል የ60 ሳንቲ ሜትር ፍጥረት ሲገኝ ምን ይባላል? የአንድ ዐይናዎች ግዙፍ ፖሊፌሞስ ነው፤ የባሕር አምላክ የፖሲዶን ልጅ፣ የግሪክ ተረት ጀግናው ኦዲሴየስ በተሳለ እንጨት ዐይኑን ያጠፋበት። ስሙን እኔ የማነበው እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ቃላት አብረው ሲነበቡ ትርጉም ይሰጣሉ፣ ሲለያዩ ግን ግራ ያጋባሉ።

የመለያየቱ ሥራ የዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር ነው። ሙለር የውኃ ደቃቆችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የኖረ ሰው ነበር። በ1784 መጨረሻ ሞተ፤ ሞኖኩለስን የበታተነበት ሥራው በ1785 ወጣ። ከዚያ ሥራ የወጡት ስሞች ዛሬም በየላቦራቶሪው ይጠራሉ፦ ዳፍንያ፣ የጊኒ ትልን እጭ የሚሸከመው ሳይክሎፕስ፣ ፖሊፌመስ፣ ሊሙለስ። አዎ፣ ፖሊፌመስም አለበት። ሙለር ሊኒየስ ፔዲኩለስ ማለትም «ቅማሊት» ብሎ የሰየመውን የውኃ ቁንጫ ፖሊፌመስ በሚል አዲስ ወገን ሥር አደረገው። ያ ደቃቅ ፍጥረት ራሱን ሊሞላው የደረሰ አንድ ትልቅ ዐይን አለው፤ ስሙ ልክክ ይልበታል።

ውጤቱ ሁለት ፖሊፌመስ ነው፦ አንዱ የወገን ስም፣ አንዱ የዝርያ ስም። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ሁለት የእንስሳት ወገኖች አንድ ስም እንዲይዙ፣ ወይም በአንድ ወገን ውስጥ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ስም እንዲጠሩ ነው። ከዚህ የሚመጣ ተግባራዊ ስሕተት ግን አለ። በላቲን ፊደል ስትጽፉ የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል፣ የዝርያው በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ሁለቱም ዘመም ብለው ይታተማሉ፣ በእጅ ከሆነ ይሰመርባቸዋል። ሊሙለስን ትታችሁ ፖሊፌመስን ብቻ በትልቅ ፊደል ከጻፋችሁ የጠራችሁት ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ የውኃ ቁንጫ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ ስንጽፍ መለያው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቃላት አለመነጠል፣ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ አለማስገባት።

ሊሙለስ የሚለው ቃልስ? ላቲኑ ሊመስ ነው፤ ሰያፍ፣ ዘወር ያለ፣ ከጎን የሆነ ማለት ነው። ሮማውያን በጎን ዐይን ማየትን በዚሁ ቃል ይገልጹ ነበር። «ሊሙለስ» የማሳነሻ ቅርጹ ነው፤ በአማርኛ «ገርመም የሚያደርግ» ብንለው አንርቅም። ሁለቱ ትልልቅ ዐይኖቹ ከጋሻው ጎንና ጎን ተቀምጠው ወደ ውጭ ስለሚያዩ የወገኑ ስም ከዝርያው ስም ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ላቲን በተመሳሳይ አጻጻፍ «ጭቃ» የሚል ሌላ ሊመስ አለው፤ እንስሳው በባሕር ጭቃ ላይ ስለሚሳብ «ሊሙለስ ማለት ጭቃማ» የሚለው ማብራሪያ በቀላሉ ይያዛል። ከዐይኑ ጋር የሚሄደው ግን ሰያፉ ሊመስ ነው።

ታዲያ ስሕተቱ ለምን አይታረምም? ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አወጣጥ ደንብ በአንቀጽ 18 እንደሚለው፣ ስም ከትርጉሙ ጋር ስላልገጠመ ብቻ አይሻርም። ይህ ደንብ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የስም ሥራ ማመልከት ነው፤ መግለጽ ትርፍ ነው። ትርጉም ባልገጠመ ቁጥር ስም ቢቀየር ኖሮ የ1900 ጽሑፍና የዛሬ ጽሑፍ ስለ አንድ እንስሳ ማውራታቸውን ማንም አያውቅም ነበር። የሚቀየረው ወገኑ ነው፤ ያም ዝምድናው በተሻለ ሲታወቅ ብቻ። የዝርያው ስም ግን አብሮ ይሄዳል።

ይህን ጉዞ የሚያሳየው ቅንፉ ነው። ሙሉ ስሙ ሊሙለስ ፖሊፌመስ (ሊኒየስ፣ 1758) ተብሎ ይጻፋል። ቅንፉ ጌጥ አይደለም፤ «ዝርያውን የሰየመው ይህ ሰው ነው፣ ግን ያኔ ሌላ ወገን ውስጥ ነበር» ማለት ነው። ቅንፉን ካነሳችሁ ሊኒየስ ራሱ ሊሙለስ ብሎታል ማለታችሁ ነው፤ እሱ ደግሞ ቃሉን ለዚህ እንስሳ አልተጠቀመበትም። በቅንፉ ውስጥ 1785 መጻፍም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያ የወገኑ ዓመት ነው። ለማነጻጸር የእስያውን ታኪፕሊየስ ጊጋስ (ሙለር፣ 1785) እንይ፦ ሙለር ሲሰይመው ሊሙለስ ውስጥ ነበር፤ ታኪፕሊየስ የተባለው ወገን በ1819 ሲወጣ ወደዚያ ስለተሻገረ የሙለር ስም ቅንፍ ውስጥ ገባ። ጊጋስ «ግዙፍ» ማለት ነው፤ ከአራቱ ትልቁ ግን እሱ ሳይሆን ሌላው የእስያ ዝርያ፣ ታኪፕሊየስ ትሪደንታተስ ነው።

ከዐይን ወደ ጭራ እንሂድ፤ እዚያ ስሞቹ ታማኞች ናቸው። ጠቅላላው ቡድን ዚፎሱራ ይባላል፦ ዚፎስ ሰይፍ፣ ኡራ ጭራ፤ ሰይፈ ጭራ ማለት ነው። አራቱን ዝርያዎች ለመለየትም መጀመሪያ የሚታየው ጭራው ነው። በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያለው ሊሙለስ ፖሊፌመስ ብቻ ስለሆነ እዚያ መምረጥ አያስፈልግም። በእስያ ግን ሦስት አሉ። ታኪፕሊየስ ትሪደንታተስ «ባለ ሦስት ጥርስ» ነው፤ ጭራው ከኋላው ክፍል ጋር ከሚጋጠምበት በላይ ሦስት እሾሆች አሉ። በጊጋስ ላይ በዚያው ቦታ ያለው አንድ ነው። የሁለቱም ጭራ ቢቆረጥ ሦስት ማዕዘን ያሳያል፤ ከላይ በኩል በጣት ሲዳሰስም ይሻክራል። ሦስተኛው ካርሲኖስኮርፒየስ ሮቱንዲካውዳ፣ ቃል በቃል «ሸርጣን ጊንጥ ባለ ክብ ጭራ» ነው፤ ጭራው ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፣ ሰውነቱም ከአራቱ ትንሹ።

ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ይወስናል። በታይላንድ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ዕንቁላል ይበላል። ባለ ክብ ጭራው ግን አንዳንድ ጊዜ ቴትሮዶቶክሲን የሚባለውን፣ በመርዛማው የፉጉ ዓሣ ውስጥ ያለውን መርዝ ይይዛል። ጊጋስ መስሏቸው እሱን በልተው የሞቱ ሰዎች አሉ። መርዙ በማብሰል አይጠፋም፤ ከንፈርና ምላስ ከማደንዘዝ ጀምሮ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያቆማል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪም ማድረግ የሚችለው መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ በማሽን ማስተንፈስ ነው። በጣት የሚዳሰስ ጭራ፣ በስሙ ላይ የተጻፈ ልዩነት ነው።

ጭራው ሰይፍ ቢባልም አይወጋም። ሥራው መገልበጥ ነው፦ ማዕበል በጀርባው ሲጥለው ጭራውን አሸዋ ላይ ተክሎ በሱ ተደግፎ ይመለሳል። ይህ የሚሳነው ጭራው ሲሰበር ወይም አሸዋው ለመያዣ የማይመች ሲሆን ነው። የወደቀውን ለማንሳት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፦ በጭራው አታንሱት። መጋጠሚያው የሰውነቱን ክብደት ለመሸከም አልተሠራም፤ ከተጎዳ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱን አይገለብጥም። ጋሻውን ግራና ቀኝ በሁለት እጅ ይዛችሁ በሆዱ አስቀምጡት። እግሮቹ ቢንፈራገጡም አይጎዱም፤ መቆንጠጫዎቹ ደካማ ናቸው። መዘግየት ግን የለበትም፤ መተንፈሻው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውኃ ውጭ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሆዱ ወደ ፀሐይ ተገልብጦ ከደረቀ ይሞታል።

ከስሞቹ ሁሉ እኔ የማደንቀው ሜሮስቶማታ የሚለውን የቆየ የመደብ ስም ነው። ሜሮስ ጭን፣ ስቶማ አፍ፤ ጭነ አፍ። ግልብጥ አድርጎ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አፉ በእግሮቹ መሐል ነው። መንጋጋ ስለሌለው የሚያኝከው በእግሮቹ ሥር ነው፦ ከሰውነቱ የሚጋጠሙበት ቦታ እሾሃም ስለሆነ እግሮቹ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ትሉንና ቀጭን ቅርፊት ያለውን ቀንድ አውጣ መሰል ምግብ እየፈጩ ወደ አፉ ይገፉታል። ሲራመድ ያኝካል፣ ሲያኝክም ይራመዳል። ከእግሮቹ ኋላ አምስት ጥንድ ስንጥቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከመቶ በላይ ስስ ቅጠል ተደራርቦባቸው እንደ መጽሐፍ ይገለጣሉ። ትንንሾቹ በነዚያው እየቀዘፉ፣ ጀርባቸውን ወደ ታች አድርገው ይዋኛሉ።

ወደ ዐይኑ ልመለስ፤ ሳንቆጥር ማለፍ አይገባም። በጋሻው ጎንና ጎን ሁለት ጥምር ዐይኖች አሉ፤ በያንዳንዱ 1,000 ያህል የማያ ክፍል አለ። ከነሱ አጠገብ ሁለት ያልዳበሩ። በጋሻው ፊት መካከል፣ ከአንዲት እሾህ ግራና ቀኝ፣ ሐምራዊ ዘለል ጨረርን ጭምር የሚያዩ ሁለት ነጠላ ዐይኖች፤ በነሱ አካባቢ ከቅርፊቱ ሥር አንድ። ከሆዱ በኩል፣ ከአፉ ፊት ሁለት። ዘጠኝ። የመካከሎቹ ሁለት በጣም ተቀራርበው ስለተቀመጡ በደረቀ ናሙና ላይ እንደ አንድ ነጥብ ቢታዩ አያስገርምም።

ሳይንስ ስለ ማየት ካወቀው ብዙውን ከዚህ «አንድ ዐይና» ተምሯል። የማያ ሕዋሳቱ ከሰው ሕዋሳት መቶ እጥፍ ያህል ይተልቃሉ፤ የዐይኑ ነርቭም ረጅምና በቀላሉ የሚገኝ ነው። አሜሪካዊው ሃልዳን ኬፈር ሃርትላይን ከነርቩ አንዲት ክር ነጥሎ ምልክቷን መዘገበ፤ አንዱ የማያ ክፍል ሲበራበት የጎረቤቶቹን ምልክት እንደሚያፍን አገኘ። በዚህ ምክንያት ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበት ጠርዝ ጎልቶ ይታያል። በ1967 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ኋላም ማታ ማታ ከአንጎሉ የሚመጣ ምልክት የዐይኑን ብርሃን የመቀበል አቅም እስከ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚያሳድገው ታወቀ። በሌሊት ለመራባት ወደ ዳርቻ የሚወጡት ወንዶች ሴቷን በማየት ያገኟታል፤ ተመራማሪዎች በሲሚንቶ የሠሯቸውን የሴት ቅርጾችም ፈልገው ሄደዋል።

ሊሙለስ የሚለው ቃል ዛሬ በብዛት የሚነበበው ግን በመድኃኒት ፋብሪካ ሳጥኖች ላይ ነው። ደሙ ኦክስጅንን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። ፍሬድሪክ ባንግ በ1956 አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደሙን እንደሚያረጉት አሳተመ፤ ከጃክ ሌቪን ጋር ሆኖ ምክንያቱ የባክቴሪያው ቅርፊት መርዝ፣ ኢንዶቶክሲን መሆኑን ለየ። ከደም ሕዋሳቱ የሚጨመቀው፣ መድኃኒት ከኢንዶቶክሲን ንጹሕ መሆኑ የሚጣራበት መመርመሪያ ሊሙለስ አሜቦሳይት ላይሴት ይባላል። ቀላሉ አሠራር ይህ ነው፦ 0.1 ሚሊ ሊትር ናሙናና 0.1 ሚሊ ሊትር መመርመሪያ በብርጭቆ ቱቦ ይቀላቀላል፣ በ37 ዲግሪ ሳይነቀነቅ 60 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። የረጋው ሳይፈርስ ከተንጠለጠለ ኢንዶቶክሲን አለ።

የሚበላሸው ከዚህ በፊት ነው። በእንፋሎት ግፊት ማምከን ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኢንዶቶክሲኑን አያጠፋም፤ ብርጭቆው በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጋገር አለበት። የናሙናው የአሲድነት መለኪያ (ፒኤች) ከ6 እስከ 8 ካልሆነ ምላሹ ይታፈናል፣ መርዝ እያለ የለም ይላል። ከሻጋታና ከጥጥ ነክ ማጣሪያ የሚመጣ ቤታ ግሉካን ደግሞ በሌላ መንገድ ያረጋዋል፣ መርዝ ሳይኖር አለ ይላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን ታውቆ ኢንዶቶክሲን የተጨመረበት ሌላ ቱቦ ይሠራል፤ እሱ ካልረጋ የዋናው ውጤት ዋጋ የለውም።

ለዚህ ሁሉ እንስሳው ተይዞ ደሙ ይቀዳና ወደ ባሕር ይመለሳል፤ የተወሰኑት አይተርፉም። የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ግን ምላሹን የሚጀምረውን ፋክተር ሲ የተባለውን ፕሮቲን ዘረ መል ነጥለው በላቦራቶሪ እንዲመረት አደረጉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ደንብ በዚህ የሚደረገውን ምርመራ ከ2021 ጀምሮ ተቀብሏል። ዘረ መሉ መጀመሪያ የተወሰደው ከሊሙለስ አልነበረም፤ ከዚያ መርዛማው ባለ ክብ ጭራ፣ ከካርሲኖስኮርፒየስ ሮቱንዲካውዳ ነበር። በአዲሱ መመርመሪያ ስም ውስጥም ሊሙለስ የሚለው ቃል የለም፤ «ሪኮምቢናንት ፋክተር ሲ» ብቻ ይላል።